የታወቁ የባህል ሙዚቃ ባለሙያዎችን ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያና ለዛሬ የኪነት ቡድኖች የሚሰጠው ትምህርት

በየግላቸው ስም ያተረፉ ሙዚቀኞች የራሳቸውን ሥራ እንደያዙ ተሰባስበው አንድ ቡድን መመስረታቸው በአሁኑ ጊዜ በዓለም ሙዚቃ የተለመደ አሰራር ሆኗል። በኢትዮጵያም ከ60 ዓመታት በፊት ከተለያዩ ብሔር ብሔረሰቦች የተውጣጡ የባህል ሙዚቃ አዋቂዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተሰኘውን ቡድን አቋቁመው ነበር። ቡድኑ በቆየባቸው 12 ዓመታት የሀገሪቱን የሙዚቃ መሳሪያዎች በአንድነት ከማሰማቱም በላይ ድምጻቸው ከባህር ማዶ እንዲደመጥ አድርጓል።

የዚህ ቡድን አነሳስ፣ አሰራርና ፍጻሜ የሙዚቃ ታሪክ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። በየዞኑና በየወረዳው የኪነት ቡድን ለሚያደራጁ፣ በጀት ለሚመድቡና ስለ ባህል እሴቶች ጥበቃ እቅድ ለሚያወጡ የሥራ ኃላፊዎች በቀጥታ የሚጠቅም ተሞክሮ ነው። በተለይም እንደ ቦረና፣ መቅደላ፣ ሳይንትና ለጋምቦ ባሉት የደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ወረዳዎች፣ የሙዚቃው እውቀት በአብዛኛው በባለሙያዎቹ እጅና በቃላቸው ላይ ብቻ በሚገኝበት አካባቢ፣ ትምህርቱ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ይሆናል።

የታዋቂዎች ስብስብ ምን ማለት ነው?

በምዕራቡ ዓለም «ሱፐርግሩፕ» የሚለው መጠሪያ በስፋት መነገር የጀመረው እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ቃሉ የሚያመለክተው አባላቱ ወደ ቡድኑ ከመግባታቸው በፊት በየራሳቸው ሥራ የታወቁ የሆኑበትን ስብስብ ነው። አንድ ተራ የሙዚቃ ቡድን አባላቱን አሳድጎ ለስም የሚያበቃ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ስብስብ ግን ሥራውን የሚጀምረው አባላቱ ይዘውት በሚመጡት ስምና ልምድ ላይ ተመስርቶ ነው።

አሰራሩ ከጊዜ በኋላ ከትላልቅ የሸክላ አሳታሚ ኩባንያዎች ነጻ ሆነው ወደሚሰሩት የህዝባዊ ሙዚቃ ተጫዋቾችም ተሸጋግሯል። በአሜሪካ አራት የታወቁ ሙዚቀኞች «ሞንስተርስ ኦፍ ፎክ» በሚል ስም ተሰባስበው እ.ኤ.አ በ2009 አልበም አውጥተዋል። ጁሊየን ቤከር፣ ፊቢ ብሪጀርስና ሉሲ ዴከስ የተባሉ ሦስት ድምጻውያን እ.ኤ.አ በ2018 የመሰረቱት «ቦይጂኒየስ» ደግሞ እ.ኤ.አ በ2024 ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን አግኝቷል። ሦስቱም ድምጻውያን ቡድኑን ከመመስረታቸው በፊት የየራሳቸው አልበምና አድማጭ ነበራቸው።

የእነዚህ ስብስቦች ጥንካሬም ድክመትም ከአንድ ምንጭ ይመነጫል። እያንዳንዱ አባል የተሟላ ሙያ ይዞ ስለሚመጣ ሥራው ፈጥኖ ይበስላል። በአንጻሩ እያንዳንዱ አባል ከቡድኑ ውጪም መኖር ስለሚችል፣ የሚያስተሳስራቸው ጉዳይ በላላ ጊዜ ስብስቡ ሳይቆይ ይበተናል። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክም ይህንኑ እውነታ ያረጋግጣል። ልዩነቱ የምዕራቡን ስብስቦች ገበያ ሲያስተሳስራቸው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያስተሳሰረው ተቋም መሆኑ ነው።

ከቡድኑ በፊት የነበረው ሁኔታ

የኢትዮጵያ የባህል ሙዚቃ በአመዛኙ የግል ባለሙያ ጥበብ ሆኖ የኖረ ነው። አዝማሪው በአንድ መሰንቆ ራሱን አጅቦ ያዜማል፤ ግጥሙንም እንደ ታዳሚው ሁኔታ እዚያው ይፈጥራል። በገና ደርዳሪው ለብቻው ተቀምጦ ይደረድራል፤ እረኛውም ዋሽንቱን ይዞ መስክ ላይ ይጫወታል። በየአካባቢው በጋራ የሚከናወኑ ጭፈራዎችና የእምቢልታ ጨዋታዎች ቢኖሩም፣ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ባለሙያዎች አንድ ላይ የሚጫወቱበት አጋጣሚ ግን እምብዛም አልነበረም።

የሀገር ባህል ሙዚቃን ወደ ከተማ መድረክ በማምጣት ረገድ ቀዳሚ ሚና ከተጫወቱት ተቋማት አንዱ በ1927 ዓ.ም የተመሰረተው ሀገር ፍቅር ነው። በ1948 ዓ.ም የተከፈተውና በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ሌላው የዘመኑ መድረክ ነበር። ይሁንና ከመላ ሀገሪቱ የተውጣጡ የባህል ሙዚቃ አዋቂዎችን በከፍተኛ የትምህርት ተቋም ውስጥ አሰባስቦ እንደ አንድ ኦርኬስትራ የማሰራቱ ሐሳብ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተግባራዊ አልሆነም ነበር።

የኦርኬስትራው መመስረት

ሐሳቡን ወደ ተግባር የለወጡት ሀሊም ኤል-ዳብ የተባሉ የሙዚቃ ቀማሪና ተመራማሪ ናቸው። ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ በ1921 በካይሮ የተወለዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1950 ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዚያው ኖረዋል። ገና በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ በ1944፣ በካይሮ የዛር ሥርዓት ላይ የተሰማውን ዜማ በሽቦ መቅረጫ መሳሪያ ቀርጸው ድምጹን በማቀነባበር የሰሩት ሥራ በዓለም ላይ ከቀደምት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነው ዛር ለእኚህ ባለሙያ የምርምር መነሻ ሆኖ ማገልገሉ፣ ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ፍላጎት ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል።

ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አስተምረዋል። በዚህ ጊዜ ያጠኗቸውን የሙዚቃ ዓይነቶች ከነባለሙያዎቻቸው ወደ አንድ ስፍራ በማምጣት እ.ኤ.አ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ቡድኑ የሙዚቃ መሳሪያ ተጫዋቾችን፣ ድምጻውያንንና ተወዛዋዦችን ጨምሮ እስከ 30 የሚደርሱ አባላት ነበሩት።

ለሥራ ኃላፊዎች ልዩ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የአባላቱ አቀጣጠር ነው። ባለሙያዎቹ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በኮንትራት የተሳሰሩ ነበሩ። ከየአካባቢያቸው የመጡ በመሆናቸውም ለተወሰነ ጊዜ የኖሩት በመሥራቹ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ቆይቶም ቡድኑ የዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ቋሚ ቡድን ሆነ። በዚህም ቀድሞ ኑሮውን በድግስና በመሸታ ቤት ሽልማት ላይ መስርቶ የኖረ አዝማሪ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ በሙያው የሚከበርበት ሁኔታ ተፈጠረ። አዝማሪነት በኅብረተሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርጎ ይታይ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ውሳኔ ከሙዚቃም ያለፈ ትርጉም ነበረው።

መሳሪያዎቹ እንዴት ተግባቡ?

የተለያየ አሰራር ያላቸውን የባህል መሳሪያዎች በአንድነት ማጫወት ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሥራ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ መሳሪያ የድምጹን ከፍታ የሚወስንበት መንገድ ይለያያል።

መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የሚሰራ አንድ አውታር ብቻ ያለው ሲሆን፣ የድምጹን ከፍታ የሚወስነው ተጫዋቹ አውታሩን በጣቱ የሚነካበት ስፍራ ነው። በመሆኑም መሰንቆ ከሌላው ጋር በቀላሉ ይስማማል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አውታር አስቀድሞ መቃኘት አለበት። ቅኝቱ በተለወጠ ቁጥርም አውታሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። በገና 10 አውታሮች ያሉት ድምጸ ወፍራም መሳሪያ ነው። ዋሽንት ግን በቀዳዳዎቹ ርቀትና በቁመቱ ስለሚወሰን ከተሰራ በኋላ ድምጹ አይለወጥም። በዚህ ምክንያት የዋሽንት ተጫዋች ቁመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶችን ይዞ ይቀርባል።

እምቢልታና መለከት ደግሞ የጣት ቀዳዳ የሌላቸው በመሆናቸው አንድ ተጫዋች ብቻውን የተሟላ ዜማ ሊያወጣባቸው አይችልም። የእምቢልታ ተጫዋቾች አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ፣ ድምጻቸውን እያፈራረቁ ዜማውን በጋራ ይገነባሉ። ከጋምቤላ አካባቢ የተገኘው፣ በአውራ ጣት የሚመታው ቶም ደግሞ ፍጹም የተለየ ድምጽ አለው።

እነዚህን መሳሪያዎች በአንድነት ለማጫወት ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ድምጹ የማይለወጠው መሳሪያ ነው። መጀመሪያ የድምጻዊው የድምጽ ከፍታ ይታወቃል፤ ከዚያ ጋር የሚስማማ ዋሽንት ይመረጣል፤ ክራሮቹ በዋሽንቱ ይቃኛሉ፤ መሰንቆውም ይከተላል። በተለያየ ቅኝት የተሰሩ ዜማዎች በተከታታይ የሚቀርቡ ከሆነ ደግሞ ክራሩን መድረክ ላይ እንደገና መቃኘት ጊዜ ስለሚወስድ፣ በአንድ ቅኝት የሚዜሙትን ሥራዎች በተርታ ማዘጋጀት ወይም አስቀድሞ የተቃኘ ሌላ ክራር መያዝ ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር የልማድ ነው። ብቻውን መጫወት የለመደ አዝማሪ ዜማውን እንዳሻው ያስረዝማል፤ ታዳሚው ግጥም በነገረው ጊዜም ቆም ብሎ ይመልሳል። በቡድን ሥራ ግን መነሻው፣ መመለሻውና መድረሻው ለሁሉም ግልጽ መሆን አለበት። ሆኖም ይህ ሥርዓት ከመጠን በላይ ከጠበቀ ባለሙያው የተመረጠበት ፈጠራ ይጠፋል። የመሪው ጥበብ ያለውም ለጋራው ሥራ ወሰን አበጅቶ፣ በወሰኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ጊዜ መስጠት ላይ ነው።

የወሎ አሻራ

በባህል ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ባለሙያዎችን የሚያግባባ ቋንቋ ቢኖር ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በመባል የሚታወቁት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምጾች ላይ የተመሰረቱ ናቸው። የክራር ተጫዋቹና የዋሽንት ተጫዋቹ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ቢሆኑ እንኳ «በአምባሰል ይሁን» የሚለው ቃል ብቻ የሚጫወቱባቸውን ድምጾች ለመወሰን ይበቃቸዋል።

ከእነዚህ ከአራቱ ሁለቱ መጠሪያቸውን ያገኙት ከወሎ መሬት ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘውን ታሪካዊ አካባቢ፣ ባቲ ደግሞ ከደሴ በስተምሥራቅ የምትገኘውንና በገበያዋ የምትታወቀውን ከተማ ያስታውሳሉ። በመሆኑም በሀገሪቱ የትኛውም መድረክ ላይ የባህል ሙዚቃ በተሰማ ቁጥር የወሎ ስም አብሮ ይነሳል።

ከዚህም ሌላ አካባቢው የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ዜማ ጎን ለጎን የኖረበት ነው። በድቤ የሚታጀበው መንዙማ፣ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ የሠርግና የደቦ ዘፈን እንዲሁም የአዝማሪ ጨዋታ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይሰማሉ። በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የተከበበው የመካነ ሰላምና የመቅደላ ደጋማ ክፍል ለረጅም ጊዜ ከዋና ዋና መንገዶች የራቀ ሆኖ መቆየቱ ለልማት ፈታኝ ቢሆንም፣ የየጎጡ ዜማ መልኩን ይዞ እንዲቆይ የራሱን አስተዋጽኦ እንዳደረገ መገመት ይቻላል።

ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካ

ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ በ1964 ከኢትዮጵያ ሲወጡ የቡድኑን አመራር የተረከበው ጆን ኮ የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1966 ጀምሮ ግን አመራሩ በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። የዜማና የግጥም ደራሲው ተስፋዬ ለማ ቡድኑን እስከ ፍጻሜው ድረስ ለዘጠኝ ዓመታት መርቷል። በውጭ ባለሙያ የተጀመረ ሥራ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ሀገር ተወላጅ መሪ መተላለፉ ለቡድኑ እድሜ መርዘም ወሳኝ ነበር።

ከታወቁት የቡድኑ ባለሙያዎች መካከል የመሰንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበና የክራርና የዋሽንት ተጫዋቹ መላኩ ገላው ይገኙበታል። ጌታመሳይ ቻርልስ ሰተን ለተባለው አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መሰንቆ አስተምሯል። ሰተንም ሙያውን ከቀሰመ በኋላ ከቡድኑ ጋር እስከመጫወት ደርሷል። የሀገር ባለሙያ መምህር፣ የውጭው ዜጋ ተማሪ የሆነበት ይህ ግንኙነት ለቡድኑ የባህር ማዶ ጉዞ መንገድ ከፍቷል።

እ.ኤ.አ በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡ ባለሙያዎች «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውረው ሥራቸውን አቅርበዋል። በወቅቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ይመለከቱት በነበረው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ታይተዋል። ከቦረና ወረዳ በስተምዕራብ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚፈሰው ዓባይ በዚህ ጊዜ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቡድን መጠሪያ ሆኖ በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተሰማ።

የቡድኑ ፍጻሜና ከዚያ በኋላ የመጡት

የ1966 ዓ.ም አብዮት ከፈነዳ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1975፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሥራውን አቆመ። አባላቱም በየፊናቸው ተበተኑ።

በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ተቋቁመዋል። በወሎም መቀመጫውን ደሴ ያደረገው የላሊበላ የኪነት ቡድን ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምጻውያንን ለሀገር አበርክቷል። ይህ አሰራር ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚለይበት ዋነኛ ነጥብ፣ የታወቁትን ከማሰባሰብ ይልቅ ያልታወቁትን ከየአካባቢው አውጥቶ በማሳወቅ ላይ ያተኮረ መሆኑ ነው።

የታወቁ ባለሙያዎችን በአንድ ያሰባሰበው ሌላው ታላቅ እንቅስቃሴ «ሕዝብ ለሕዝብ» ነው። በ1977 ዓ.ም ወሎን ክፉኛ ለጎዳው ድርቅና ረሃብ እርዳታቸውን ለለገሱ የዓለም ህዝቦች ምስጋና ለማቅረብ የተዘጋጀው ይህ የኪነ ጥበብ ቡድን፣ በ1980 ዓ.ም በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተዘዋውሮ የኢትዮጵያን ሙዚቃና ውዝዋዜ አሳይቷል። ባለሙያዎቹ ከተለያዩ ቴአትር ቤቶችና ቡድኖች የተውጣጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለአንድ ተልእኮ የተሰባሰበ በመሆኑ ተልእኮው ሲፈጸም ስብስቡም አብቅቷል።

በቅርብ ዓመታትም በውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ አነሳሽነት በፈንድቃ የባህል ማዕከል ዙሪያ የተሰባሰበው ኢትዮከለር፣ መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮን ከውዝዋዜ ጋር አጣምሮ በውጭ ሀገራት መድረኮች ላይ አቅርቧል። ይህም የታወቁ የባህል ባለሙያዎችን የማሰባሰቡ ሐሳብ በተቋምም በግል ተነሳሽነትም ሊሰራ እንደሚችል ያሳያል።

የተረፈው ምንድን ነው?

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከፈረሰ ከ30 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2007፣ የቡድኑ ቅጂዎች የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ዝግጅት በሆነው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 23ኛ ቅጽ ሆነው ለህትመት በቁ። በዚያው ጊዜ ገደማም ቻርልስ ሰተን ከቀድሞ ጓደኞቹ ከጌታመሳይ አበበ፣ ከመላኩ ገላውና ከተስፋዬ ለማ ጋር ዳግም ተገናኝቶ «ዞሮ ገጠም» የተሰኘ አልበም አሳትሟል። ተስፋዬ ለማ እ.ኤ.አ በ2013፣ ሀሊም ኤል-ዳብም እ.ኤ.አ በ2017 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ዛሬ ስለ ቡድኑ መናገር የተቻለው በአብዛኛው ድምጹ ስለተቀረጸ ነው። መድረኩ አልፏል፤ ስብስቡም ተበትኗል። የጌታመሳይን መሰንቆና የመላኩን ዋሽንት ዛሬ የሚሰማ ወጣት ግን ባለሙያዎቹ ፊት ተቀምጦ እንደተማረ ባይሆንም፣ ቢያንስ የሙያውን ልክ ሊያውቅ ይችላል። ሳይቀረጹ ያለፉትን የዘመኑን ባለሙያዎች ግን በዚህ መንገድ ማግኘት አይቻልም።

ከመቅደላ የሚገኘው ማነጻጸሪያ

ይህን ጉዳይ ለመረዳት ለደቡብ ወሎ ቅርብ የሆነ የታሪክ ምሳሌ አለ። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በመቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ፣ በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በአምባው ላይ የነበሩትን መጻሕፍት፣ ንዋያተ ቅድሳትና የቤተ መንግስት ንብረቶች ዘርፏል። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በአቅራቢያው በሚገኘው የደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀርቧል። ከዚህ የተገኙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

እነዚህ ቅርሶች ከሀገር ቢወጡም ዝርዝራቸው ይታወቃል። ያሉበት ቦታ ይታወቃል። ኢትዮጵያም እንዲመለሱላት ስትጠይቅ ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ በ2019 የአጼ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን መመለሱም ይታወሳል። በአንድ አዛውንት አዝማሪ ቃል ውስጥ ብቻ ያለ ዜማ ግን ዝርዝር የለውም። ባለሙያው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል፤ እንዲመለስ የሚጠየቅበትም አካል አይኖርም። ስለዚህ በቃል ላለው ቅርስ ዋነኛው ጥበቃ ባለሙያው በሕይወት ሳለ የሚሰራው ሥራ ነው።

ለአፈጻጸም የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተሞክሮ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የኪነት ቡድን አስተዳዳሪዎች ሊወስዷቸው የሚችሉ አራት መሰረታዊ ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የምልመላ ጉዳይ ነው። በየወረዳው የኪነት ቡድን ሲቋቋም በአብዛኛው ትኩረት የሚሰጠው ለወጣቶች ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም፣ በየገበያውና በየድግሱ የሚታወቁት አንጋፋ ባለሙያዎች በአሰልጣኝነትም ሆነ በአባልነት ካልተካተቱ ቡድኑ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የሰማውን የሚደግም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የአቀጣጠር ጉዳይ ነው። የትምህርት ማስረጃ የሌለው ባለሙያ በመደበኛው የሥራ መደብ ለመቀጠር ይቸገራል። ከ60 ዓመታት በፊት ዩኒቨርሲቲው ይህን ችግር የፈታው ባለሙያዎቹን በኮንትራት በመያዝ ነበር። ባለሙያው ለበዓል ብቻ ተጠርቶ በውሎ አበል ከሚሸኝ ይልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድበትና የሚያስተምርበት ሁኔታ ቢመቻችለት ከወጪው የሚበልጥ ጥቅም ይገኛል።

ሦስተኛው የመቅረጽና የሰነድ አያያዝ ጉዳይ ነው። ዛሬ ድምጽና ምስል ለመቅረጽ የሚያስፈልገው መሳሪያ በየጽሕፈት ቤቱ አለ። ዋናው ነገር ቅጂው የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቅኝት እንደተዜመ፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ በጽሁፍ መመዝገቡና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መቀመጡ ነው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲና ደሴ የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው።

አራተኛው የመብት ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ከዋኝ ባለሙያዎች በክዋኔያቸው ላይ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በመሆኑም የመንግስት መስሪያ ቤትም ቢሆን ባለሙያውን ሲቀርጽ ፈቃዱን በጽሁፍ ማግኘት፣ ቅጂው ለምን አገልግሎት እንደሚውልም አስቀድሞ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ባለሙያ ስምምነቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነበብለትና ምስክር ባለበት ሊፈጸም ይገባል።

ከሁሉም በላይ የቡድኑ ህልውና በአንድ ኃላፊ ፍላጎት ወይም በአንድ ዓመት በጀት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል መጠንቀቅ ያሻል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሦስት መሪዎች ተፈራርቀውበት ሥራውን የቀጠለው ከተቋም ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ነበር። የሥርዓት ለውጥ በመጣ ጊዜ ግን እስከ 30 የሚደርሱ ባለሙያዎች የነበሩት ቡድን ሊዘልቅ አልቻለም። ከለውጡ ያለፈው በመሳሪያ የተቀረጸውና ለተማሪ የተላለፈው ብቻ ነው።

በቦረናና በመቅደላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ ዛሬም መሰንቆ የሚያስተምሩ እጆችና መንዙማ የሚያወርዱ ድምጾች አሉ። እነዚህን ባለሙያዎች በስም ለይቶ መመዝገብ ብዙ በጀት የማይጠይቅ፣ በአንድ የበጀት ዓመት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። መሰባሰቡ፣ ቅጥሩና ቀረጻው የሚከተሉት ከዚህ ምዝገባ በኋላ በመሆኑ፣ የሚመለከታቸው አካላት የመጀመሪያውን እርምጃ ሳይዘገዩ ሊወስዱ ይገባል።